የበረዶው ጓድ

አስናቀች ደውላ «ሰውዬው ሞተ እኮ!» ስትለኝ ማንጎ እየላጥኩ ነበር።

«የቱ ሰውዬ?»

«የበረዶው ጓድ ነዋ! አዲስ አበባ፣ ልጆቹ ጋ። ትናንት ተቀበረ አሉ።»

ሰው ሲሞት ነፍስ ይማር ይባላል። እኔም ልል አፌን ስከፍት ቀድሞ የመጣብኝ ሽታ ነው። የረጠበ የበግ ጠጉር፣ የእግር ላብ፣ የበሰበሰ ሥጋ፣ በዚያ ሁሉ ላይ ደግሞ የእሱ ሽቶ። ማንጎውን አስቀመጥኩት። እስከ ማታ እህል የሚባል በአፌ አልዞረም።

አስናቀች በሰፈራው ዘመን የአምባችን እቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበረች፤ እኔ ደግሞ የክሊኒኩ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ። «ለቤተሰቡ የማጽናኛ ቃል እንላክላቸው፤ አንቺ መጻፍ ትችያለሽ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ይኸው ሦስት ቀን ሙሉ ስጽፍ ከረምኩ፤ የወጣልኝ ይሄ ነው። ለቤተሰብ የሚላክ አይመስለኝም።

ስሙ ደምሰው ነበር። ጓድ ደምሰው። ያኔ እርስዎ ነበር የምለው፤ አሁን ግን በዚህ ዕድሜዬ እርስዎ አልለውም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

የአምባችን ካድሬም ኃላፊም እሱ ነበር። ከሰባ ሰባቱ ድርቅ የተረፉ የወሎ ሰዎች በመኪና እየተጫኑ መጥተው አሶሳ ዙሪያ ጫካ ሲመነጥሩ፣ እኔ ከነቀምቴ ተመድቤ መጣሁ፤ እሱ ከሳይቤሪያ መጣ። አዎ፣ ከሳይቤሪያ! አራት ዓመት እዚያ ፖለቲካ ተምሮ፣ ዲፕሎማውን ይዞ፣ ዓለም በረዶ ሆኖ ከሚቀርበት አገር ተነስቶ ድንጋዩ እንቁላል ሊጠብስ የሚደርስበት አገር ላይ ጣሉት። እሱ ግን ከዚያ አገር አልወጣም። አካሉ አሶሳ ነው፣ ወሬው በሙሉ በረዶ ነው። ለዚህ ነው ሰፋሪው የበረዶው ጓድ ያለው።

ንጹሕ ሰው ነበር፤ የሚያቅለሸልሽ ንጹሕ። በዚያ ጭቃ መሐል ሸሚዙ ነጭ፣ ጥፍሩ የተሞረደ፣ ሽቶው ከሩቅ የሚጣራ። ስብሰባ ላይ ሰዎች የሞቱባቸውን ልጆች ቁጥር ሲያስመዘግቡ እሱ በትንሽ መቀስ የጥፍሩን ዳር ይከረክማል። ደግሞ የሱፍ ፍሬ! ኪሱ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። በፊት ጥርሱ ቀጭ ያደርግና ገለባውን የትም ይተፋዋል። ክሊኒኬ ወለል ላይ ሳይቀር! ቁስል በማጥብበት!

«ጓድ፣ እዚህ እኮ ቁስለኛ አለ» ስለው፣

«ሳይቤሪያ ባቡር ውስጥ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ መሬቱ በገለባ ተሸፍኖ ነው የሚታየው» ይለኛል፤ አገሩን ማመስገኑ ነው።

እሑድ እሑድ ከሰዓት የአገሩ ተወላጆች የበርታዎቹ አያቶች በተከሉት ትልቅ ማንጎ ሥር ሰው ሁሉ ይሰበሰባል። መቅረት የለም፤ የቀረ ራሽኑ ይዘገያል። መጀመሪያ ስለ ምርት ያወራል፣ ስለ ንቃት ያወራል፣ ሰውም ያንጎላጃል። ከዚያ ድንገት ድምፁ ይለወጥና «እኔ ባየሁት አገር...» ይላል። ያኔ ያንጎላጀው ሁሉ ይነቃል። ሐቁን ልናገር፤ ወሬ ያውቅበት ነበር። እኔም ፋሻዬን እየጠቀለልኩ ጆሮዬን እጥል ነበር።

ገበያ ላይ ወተት በሊትር አይሸጥም፤ በሳህን በረዶ አድርገው መሐሉ ላይ እንጨት ይተክሉበታል፤ ገዢው እንጨቱን ይዞ አንጠልጥሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ይላል።

«ታዲያ ጥጃው በምን ጥርሱ ይጠባል?» አለ አንዱ ከኋላ። ሰዉ በሳቅ አለቀ። እሱም ሳቀ፤ ሲስቅ እንኳ ገለባው ከከንፈሩ አይወድቅም።

ዓሣውን ጥሬውን፣ በብርድ እንደ ድንጋይ የደረቀውን፣ በቢላ እየፋቁ በጨው ይበሉታል። እንግዳ ሆኖ እምቢ ማለት ነውር ነው። እሱም መጀመሪያ ሲቀርብለት በልቶ፣ አመስግኖ፣ ወጥቶ ደጅ አስመለሰው። «ትውከቱ መሬት ሳይደርስ ድንጋይ ሆነ» ይለናል። ሰው አፉን ይዞ «ያ አላህ!» ይላል።

ከሁሉ የሚወደው ግን የጉዞውን ነበር። አንድ ክረምት ከጓደኞቹ ጋር ሰሜን ወዳለ የአጋዘን አርቢዎች መንደር በጭነት መኪና ሄደዋል። መንገዱ ወንዝ ነው። ወንዙ ከላይ እስከ ታች በረዶ ሆኖ፣ አሥር ጎማ መኪና በላዩ ይሄዳል። አራት ቀን ሲጓዙ ሞተሩን አንዴም አላጠፉትም፤ ከጠፋ እስከ ፀደይ አይነሳምና። ሽፋሽፍት ይጣበቃል። ምራቅ ብትተፋ ጠጠር ሆኖ ይወድቃል። መንገድ ላይ የቆመ ሰው አይቶ ያለፈ ሾፌር ነፍሰ ገዳይ ነው የሚባለው፤ እንደዚያው ተቆጥሮ ይታሰራል፣ ይላል።

እና ቤት ስትደርስ፣ ይላል፤ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ድምፁ ይሰበራል፤ ቤት ስትደርስ የቤቱ እመቤት ስምህን አትጠይቅህም። መጀመሪያ ታስቀምጥህና ቡትህን በገዛ እጇ ጎትታ ታወልቃለች። እጇን ቡቱ ውስጥ ሰድዳ እርጥበት መኖሩን ትዳስሳለች። ጣቶችህን አንድ በአንድ ታያለች። ቡቱን ምድጃው ላይ ታደርቀዋለች። ከዚያ በኋላ ነው ማነህ፣ ከየት ነህ የሚባለው። እንግዳን በረጠበ ቡት የሸኘች ሴት በመንደሩ ፊቷን አታሳይም። «እዚያ አገር የረጠበ ቡት ገዳይ ነው፤ ሰው የሚሞተው ከእግሩ ነው» ይልና በመሐረብ ዓይኑን ይጠርጋል። ነጭ መሐረብ።

ያለቀሰው የውሸት አልነበረም። እሱ ነው የሚያበሽቀኝ። እዚያ አንዲት አሮጊት ጣቶቹን አሙቃ አድናዋለች፤ እሱም ይህን አልረሳም። ይህን ሰው እንዴት ብዬ እንደምንቀው እስካሁን ይቸግረኛል፤ ግን እንቀዋለሁ።

ከአድማጮቹ መሐል አያ ሰይድ የሚባል አለ። ረጅም፣ አጥንቱ የወጣ፣ ጨዋታ የሚያውቅ የወሎ ገበሬ። ክሊኒኩ ሲሠራ ጭቃ ያቦካልኝ እሱ ነው። አያ ሰይድ በዓለም ላይ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ሚስቱን። ከወሎው የድርቅ መጠለያ ሲጫኑ ለአንዲት በሽተኛ ውሃ ላምጣ ብሎ ከመኪናው ወረደ፤ ሲመለስ መኪናው ዘይነባን ይዞ ሄዷል። እሱን በሌላ ጫኑት። ዓመት ሊሞላው ሲል አንድ ሾፌር «ዘይነባ ይማም የምትባል ሴት ከባምባሲ ወዲያ ያለው አምባ አለች፤ ሰይድ፣ ሰይድ እያለች የመጣውን ሁሉ ትጠይቃለች» ብሎ ነገረው። ጤነኛ እግር ላለው ሰው የሁለት ቀን መንገድ ነው።

ግን ከአምባ መውጣት በይለፍ ወረቀት ነው። ያለ ወረቀት የተገኘ ኮብላይ ይባላል፤ ሚሊሻው መንገድ ላይ ጠብቆ ሲቀጠቅጠው አይቻለሁ፤ ቁስሉን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱን የሚጽፈው ደግሞ ጓድ ደምሰው ነው። አያ ሰይድ በየሳምንቱ እየሄደ ይለምነዋል፤ እሱ «እናያለን» ይለዋል። ሌላ የሚለው የለም።

ሐምሌ እንደገባ፣ ዝናቡ ቀንም ሌሊትም አልቆም ሲል፣ አንድ መኪና ጭኖ መጣ። እኛ ፔኒሲሊን መስሎን ተንጋግተን ወጣን። አስናቀች ማዳበሪያ ነው አለች። ጥቅሉ ሲፈታ ቡት ነው። ከበግ ጠጉር ተጠቅጥቆ የተሠራ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ እንደ ባና የወፈረ ቡት። ቫሌንኪ ይለዋል እሱ። የተማረበት ከተማ ሰዎች በባዶ እግራቸው ላሉ ሰፋሪዎች ብለው፣ እሱ ራሱ ጽፎ ጠይቋቸው፣ የላኩት ስጦታ ነው። መላካቸው ደግነት ነው፣ ምን ይደረግ። ጓድ ደምሰው አንዱን አንስቶ ጉንጩ ላይ ለጠፈው። ዓይኑ እንባ ሞላ።

ከመንጌ የሚመላለስ አብዱራሂም የሚባል የበርታ ሰው ነበር፤ አህያውን ጭኖ ማንጎና ማር ያመጣልናል። ቆሞ ቡቱን ገለባብጦ አየና ወደ እኔ ዞረ። አማርኛው የተሰባበረ ነው፤ እኔን ድሬሰሯን ዶክተር ይለኛል። «ዶክተር፣ ይሄ ምንድነው? ይሄ እግር የሚቀቅል ድስት ነው። ወላሂ፣ ሰው ይሄ ያደርጋል፣ እግሩ ይበስላል።» አስናቀችና እኔ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ያኔ ገና ያስቅ ነበር።

በነሐሴ መጨረሻ ከዚያው ከተማ እንግዶች መጥተው ስጦታቸው በሥራ ላይ መዋሉን ሊያዩ ነው ተባለ። ጓድ ደምሰው ማንጎው ሥር ሰበሰበንና አዋጁን አነበበ። ቡቱን በእንግዶቹ ቀን ብቻ ማድረግ አይበቃም። አዲስ ከሆነ ለታይታ የተደረገ ይመስላል። የተለበሰ፣ ያገለገለ፣ ጭቃ የጠገበ መሆን አለበት። ስለዚህ ከነገ ጀምሮ ሥራ ላይ ሁሉም ያደርጋል፤ ያላደረገ ራሽን የለውም።

በዝናብ! የበግ ጠጉር! በቆሎ ማሳ ውስጥ!

በሁለተኛው ሳምንት ክሊኒኬ ሞላ። ቡቱ ውሃውን ይጠጣል፣ አንድ እግሩ ሕፃን ልጅ ያህል ይከብዳል፤ ማታ ቢያወልቁትም ጠዋት አይደርቅም። ሲወልቅ ድምፅ አለው፤ ያንን ድምፅ እስከዛሬ ሰው ከጭቃ እግሩን ሲነቅል ስሰማ ጀርባዬን ይበርደኛል። የተረከዝ ቆዳ ነጭ ሆኖ አብሮ ይቀራል። ሙጃሌው ደግሞ ሙቀትና ጨለማ አግኝቶ በየጥፍሩ ሥር አተር አተር አክሏል። በመርፌ ቁልፍ እየጎለጎልኩ አወጣለሁ፣ እንቁላሉ እንደ ሳሙና አረፋ ይፈሳል፣ ጂቪ የሚባለውን ሐምራዊ መድኃኒት እቀባለሁ፣ ነገ ያው እግር ያው ቡት ውስጥ ገብቶ ይመለሳል። ሽታው ከጠጉሬ አልወጣ አለ። እንጀራ ስቆርስ እጄ ይሸታል። ያ ዋቃ ኮ! እኔ ቶሎ የሚያቅለሸልሸኝ ሰው አይደለሁም፤ ድሬሰር ሆኜ አንድም ቀን ቁስል ተጸይፌ አላውቅም ነበር፤ ያን ክረምት ግን እየሠራሁ ደጅ ወጥቼ አስመልስ ነበር።

ከሁሉ የከፋው የአያ ሰይድ እግር ነው። ሌላው ሰው እየተደበቀ፣ ከማሳው ጀርባ አውልቆ በባዶ እግሩ ይሠራል፤ ካድሬው ሲመጣ ይጎትተዋል። አያ ሰይድ ግን አንዴም አላወለቀም። ለምን? ጓድ ደምሰው ጠርቶ እንዲህ ስላለው፤ «እንግዶቹ መጥተው ይሂዱ፤ በማግስቱ ወረቀትህን በእጄ ጽፌ እሰጥሃለሁ። ብቻ ቡትህን አውልቀህ እንዳላይህ።»

«አያ ሰይድ፣ አውልቀው እባክህ» አልኩት። የግራ እግሩ ትንሿ ጣት ጠቁራለች።

«አብሽሪ እቴ፣ ሃያ ቀን ናት የቀረች። ሃያ ቀን ምን አላት? ዘይነባን ዓመት ጠብቄ የለ!»

«በምን እግርህ ልትሄድ ነው?»

«የሚሄደው ልብ ነው» ብሎ ሳቀ። ጥርሱ ብቻ ነው የሳቀው።

የዚያን ቀን ጓድ ደምሰው ራሱ ክሊኒክ ገባ፤ ስንት ሰው ከሥራ እንደቀረ ሊያይ። ድፍረቴን ሰብስቤ ተነሳሁ። «ጓድ፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ የረጠበ ቡት ገዳይ ነው ያሉን? ይኸው እግራቸው እየሞተ ነው!»

የአያ ሰይድን እግር ጎንበስ ብሎ አየው። አፍንጫውን በመሐረቡ ያዘ። «እሱ ለብርድ ነው፣ ጓዲት ጫልቱ። እዚያ የሚገድለው ብርዱ ነው፤ እዚህ ብርድ የለም። እርጥበት ብቻውን ምን ያደርጋል?» አለና ቀጭ አደረገ። የተፋው ገለባ ጂቪ የቀባሁት ቁስል ላይ አረፈ። አላየውም፣ ወይም እንዳላየ ሆነ። አያ ሰይድ ገለባውን በጣቱ አነሳና «ምንም አይደል ጓድ፣ ምንም አይደል» አለ።

ያንን መሐረብ ነጥቄ አፉ ውስጥ ብጠቀጥቀው ደስ ባለኝ። አላደረግኩም። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ከእናቴ ጋር የምኖረው በዚያች ደሞዝ ነው፣ እኔን ለማስባረር ለጓድ ደምሰው አንድ ደብዳቤ በቂ ነው። ጥጥ ላምጣ ብዬ ወጣሁ።

እንግዶቹ መጡ። ሦስት ናቸው። አንዱ ካሜራ አንጠልጥሏል፣ አንዱ ወጣት ነው፣ ሦስተኛዋ ወፍራም አሮጊት፣ ራሷ ላይ ሻሽ ያሰረች። ቡቱ የሚሠራበት ፋብሪካ ሠራተኛ ናት ተባለ። እጇን አየሁት፤ የጭሰኛ እጅ ነው፣ የጣቷ አንጓ ሁሉ ያበጠ። ሙቀቱ እያንገላታት ላቧ ይንጠባጠባል፤ ግን ትስቃለች፣ ልጆቹን ትስማለች። ሰው በሁለት ረድፍ ቆሟል፣ ሁሉም በቡት። አስተርጓሚው ጓድ ደምሰው ነው። ሌላ ቋንቋውን የሚያውቅ የለም።

ካሜራው ቀጭ ቀጭ ይላል። አሮጊቷ እየጨበጠች መጣች፣ መጣችና አያ ሰይድ ጋ ስትደርስ ቆመች። ሰውዬው ይወዛወዛል። ትኩሳት አለበት፣ ከንፈሩ ነጭ ነው። ሳቋ ጠፋ። አጎንብሳ እጇን ከቡቱ አፍ ወደ ውስጥ ሰደደች። እጇን አውጥታ አሸተተችው።

ከዚያ ያንን ሁሉ አካሏን ይዛ ጭቃው ላይ ተንበረከከች። ተረከዙን በአንድ እጇ፣ ጫፉን በሌላው ይዛ ጎተተች። ወጣ። ከቡቱ ጋር የወጣውን አልነግራችሁም፤ እኔ ድሬሰሯ ፊቴን አዞርኩ። ካሜራ የያዘው ሰውዬ ሮጦ ከግምጃ ቤቱ ጀርባ ሄዶ አስመለሰ። ሽታው ረድፉን ሁሉ አዳረሰው። እሷ ብቻ አልተጸየፈችም። ጣቶቹን አንድ በአንድ አየች። ሻሿን ከራሷ ፈታችና እግሩን ጠቀለለችበት፤ ሽበቷ ተበተነ። ለካ ያ ሁሉ የነገረን ልማድ እውነት ነበር፤ አንዲት ቃል አልጨመረበትም ነበር።

ቀና ብላ በጓድ ደምሰው ላይ ጮኸች። ቋንቋውን አላውቅም፤ ግን እናቴ በእኔ ላይ ስትጮህ እንደዚያ ነው። ቡቱን አንስታ ፊቱ ላይ ታወዛውዘዋለች፣ ውሃው ሸሚዙ ላይ ይረጫል። እሱ ፈገግ እንዳለ ወደ ሰው ዞረ። «ጓዲቷ እናንተ ጀግና ሕዝብ ናችሁ ትላለች!» አለ። ሚሊሻው አጨበጨበ። ሰውም አጨበጨበ፤ ማጨብጨብ ለምዷል። አሮጊቷ ጭብጨባውን ስትሰማ ግራ ገብቷት ዙሪያውን አየች።

ነጭ ጋውኔን አየችና ወደ እኔ መጣች፤ ትከሻዬን ይዛ ጠየቀችኝ። ጓድ ደምሰው ተረጎመ። «ይህ ቁስል ከመቼ ጀምሮ ነው ትላለች።» ቀጥሎ፣ በዚያው ፈገግታ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከወሎ ይዞት የመጣ ነው በያት።»

አያ ሰይድን አየሁት። መሬት ተቀምጦ በሁለት እጁ ጉልበቱን ይዟል። «በያት እቴ» አለኝ። «በያት በአላህ። ነገ ወረቀቴ ናት።»

«ከወሎ ይዞት የመጣ ነው» አልኩ።

አማርኛ አታውቅም፤ እሱ ነው የሚተረጉምላት፣ ምን ብል ምን ለውጥ አለው እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን አባበልኩ። ግን እኮ ዓይኔን ዓይኔን ነበር የምታየኝ። «የለም» ብዬ ራሴን ብነቀንቅላት ይበቃት ነበር፤ ለሱ አስተርጓሚ አያስፈልግም። አልነቀነቅኩም። ትከሻዬን ለቀቀችው።

አያ ሰይድን በሳምንቱ አሶሳ ወስደው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቆረጡት። ጓድ ደምሰው ቃሉን አልጠበቀም እንዳትሉኝ፤ ጠብቋል! እንግዶቹ በሄዱ በማግስቱ ወረቀቱን ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ፣ ራሱ አምጥቶ አልጋው ላይ አኖረለት። «እኔ የተናገርኩትን የማላጥፍ ሰው ነኝ» አለው። አያ ሰይድ በትኩሳት እየተንቀጠቀጠ አመሰገነው። እግሩ ሊቆረጥ አምስት ቀን የቀረው ሰው!

መስከረም ላይ ከአሶሳ በምርኩዝ ሲመለስ ወረቀቱ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ደረቱ ላይ ነው። እንዴት ሊሄድ ነው? ጓድ ደምሰውን መኪና ለመንኩት፤ ነዳጅ የለም አለ። አብዱራሂም ሰማና መጣ። «ዶክተር፣ አህያ አለ። ሰይድ ሰው ነው፣ ይጫናል። እኔ ወረቀት አልጠይቅም፣ ይሄ መሬት የእኔ ነው።» እግሩ የተቆረጠውን ጎን በማዳበሪያ ጆንያ ደግፈን አህያው ላይ አወጣነው። አያ ሰይድ ዱዓ አደረገ፤ ጺሙን ተላጭቷል፤ ያገኘውን ንጹሕ ጋቢ ለብሷል። ሙሽራ ነው ብለን አላገጥንበት።

በሰባተኛው ቀን ተመለሱ። ሁለቱ ብቻ። አብዱራሂም አህያውን እየነዳ ቀና ብሎ አላየኝም። አያ ሰይድን ደግፌ አወረድኩትና ክሊኒኩ በር ላይ ባለው አግዳሚ አስቀመጥኩት። ውሃ ሰጠሁት። ጠጣ። ጎረቤቶቿን አግኝቷል። ዘይነባ ሐምሌ እንደገባ ወጥታ ሄዳለች አሉት። እሷም በአንድ ሾፌር ባሏ አሶሳ መሆኑን ሰምታ፣ ያንኑ ቀን ነጠላዋን አጣፍታ፣ በባዶ እግሯ፣ በዚያ ዝናብ ወጣች። ወንዝ ሞልቷል ቢሏት እሻገረዋለሁ አለች። ከዚያ ወዲህ ያያት የለም። እሱ እዚህ ቡት አጥልቆ መጠበቅ የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው።

«ወረቀትስ ሳትይዝ?» አልኩት።

«አልጠየቀቻቸውም እቴ» አለኝ። «እሷ አልጠየቀቻቸውም።»

እሱን እዚያው ትቼ በቀጥታ ወደ ጓድ ደምሰው ቢሮ ሄድኩ። ሮጬ ነው የገባሁት፣ አላንኳኳሁም። ሁሉንም ነገርኩት። እባክዎ ለሌሎቹ አምባዎች መልእክት ይላኩ፣ ሚሊሻውን ይጠይቁ፣ አንዲት ሴት ያያት ይኖራል፣ ወንዝ ዳር ያሉት በርታዎች አንስተዋት ይሆናል አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ላይ ሰው የሚመስል ነገር አየሁ። መቀሱን አስቀመጠ። መሳቢያውን ስቦ ትልቅ መዝገብ አወጣ፣ እስክሪብቶውን ከፈተ።

«ሙሉ ስሟ ማነው?» አለኝ በለሰለሰ ድምፅ።

ልቤ ሞላ። ጌታ ሆይ ተመስገን፣ ሊያፈላልጋት ነው አልኩ። እንዳይሳሳት ብዬ ከጎኑ ቆሜ አንድ በአንድ ነገርኩት። ዘይነባ። ይማም። ዕድሜዋን፣ ቁመቷን፣ የወጣችበትን ሳምንት ነገርኩት። በዚያ በሚያምር ጽሑፉ ሁሉንም ጻፈ። ጽፎ ሲጨርስ መዝገቡን ወደ ብርሃን ሲያዞረው የገጹን ራስጌ አነበብኩ። የኮብላዮች ስም ዝርዝር ይላል።